እትዬ ብርሃነሽና መስታወት ውስጥ ያለው ዘበኛ

በየሰፈሩ ከቴሌቪዥን ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው አለ። የለም የሚል ካለ፣ ወይ ሰፈሩ ቴሌቪዥን አልገባበትም፣ ወይ ደግሞ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። ይህን ስናገር ፈራ ተባ እያልኩ ነው፤ ሰው ማስቀየም አልወድም። መጻፍም ብዙ አይሆንልኝም። ሥራዬ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የእንግዶችን ልብስ መተኮስ ነው። ሸሚዝ ስጡኝ፣ ሱሪ ስጡኝ፤ ወረቀት ግን ያስፈራኛል። ቢሆንም ስለ እትዬ ብርሃነሽ ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

ክብርት እትዬ ብርሃነሽ ባህል አዳራሽ አካባቢ ግቢ አላቸው። ጊዜው ሚሊኒየሙን አክብረን ሁለት ዓመት ያለፈበት ነው፤ እኔ ከግቢው አራት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ እኖር ነበር። ቴሌቪዥን ያለው እሳቸው ሳሎን ብቻ ነው። አመሻሽ ላይና እሁድ ከሰዓት ተከራይ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ክፍያ የለም። ዝምታም የለም።

ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል እትዬ ብርሃነሽ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ሙሉ ብድግ አይደለም፤ ለሚከበር እንግዳ እንደሚነሱት፣ ግማሽ ብድግ።

«አብሮ ይስጥልን! ደህና ዋላችሁ?»

ትንሽ ይጠብቃሉ። አንባቢው ቀጥታ ወደ ዜናው ከገባ፣ «ዛሬ ደግሞ ቸኩሏል» ብለው ወደ እኛ ዞር ይላሉ። አንባቢዋ ጉሮሮዋን ከጠረገች፣ «ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት» ይሏታል። «አሁን ወደ ስፖርት እናልፋለን» ካለች፣ «እለፉ፣ በሰላም እለፉ» ይመርቋታል። በዜናው መሃል መብራት ከሄደ የሚናደዱት በጨለማው አይደለም፤ ሰውዬው ንግግሩን ስላልጨረሰ ነው። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ፣ «እሺ፣ ምን ላይ ነበርክ?» ይሉታል።

«እትዬ፣ እኮ አይሰማዎትም!» ትላቸዋለች ፀደይ። ፀደይ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የምትኖር ፀጉር ሠሪ ናት። ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል።

«ይስማ አይስማ የራሱ ጉዳይ ነው» ይላሉ እትዬ። «ዓይን ዓይኔን እያየ የሚያናግረኝን ሰው ዝም ብዬ ላየው? ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ?»

የቤቱ ሕገ መንግሥት ይህ ነው። አንቀጹም አንድ ብቻ ነው።

ኳስ ሲኖር ጎረቤታችን ጋሽ ሙህዲን የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ። እትዬ የሚደግፉት ቡድን የላቸውም፤ የሚደግፉት በረኛውን ነው፣ ያውም የሁለቱንም ወገን። «ብቻውን ትተውት ሄዱ እኮ!» ይላሉ። ከዚያ ጥሪው ይጀምራል፤ «በግራህ ነው! በግራህ በኩል! እየነገርኩህ!» ጎሉ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ጎሉን መልሶ ሲያሳይ እትዬ እንደገና ያስጠነቅቁታል፣ አሁን እንኳን ይይዛት ይሆናል ብለው።

«ብርሃነሽ፣ ይቺ እኮ የቅድሟ ናት!» ይላሉ ጋሽ ሙህዲን፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ተነግሮት እንዴት አይሰማም? እኔን የገረመኝ እሱ ነው።»

ሞባይል ሲገዙ ነገሩ ባሰ። ለእህታቸው ልጅ ይደውላሉ፣ ስልኩ ዝግ ይሆናል፤ ድምጿ የተቀረጸው ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» ትላለች። «ግድ የለም የኔ እመቤት» ይሏታል፣ «ስትመጣ ብርሃነሽ ደውላ ነበር በይልኝ።» የእህታቸው ልጅ መልሳ ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «መልእክቴን ነገረችሽ?» የሚል ነው። አልነገረችኝም ካለች ያዝናሉ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብለው ይቅር ይሏታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አሸንፈውናል፤ እውነቱን ልናገር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሲከበር ቴሌቪዥን አሳየው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጎረቤታችን አስካለ ብቅ አለች። እትዬ ዘለው ተነሡ።

«አስካለ! አስካለ! ሻሽሽ ወልቋል!»

በዚያችው ቅጽበት አስካለ እጇን ወደ ራሷ ሰድዳ ሻሿን አስተካከለች።

«እትዬ... ይሄ እኮ ትናንት የተቀረጸ ነው» አለች ፀደይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ትናንት ሰምታኛለች ማለት ነዋ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከራከራቸው ሰው ጠፋ።

አሁን ወደ አልአዛር ልምጣ። አራተኛዋን ክፍል የያዘው እሱ ነው፤ ከአርባ ምንጭ የመጣ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ። ለመመረቂያው አንድ ጨዋታ ሠራ። በኮምፒውተር የሚጫወቱት፣ ተኩስ የሌለበት፣ እያሰቡ የሚያልፉት። ስሙ «በሩን አታንኳኳ» ይባላል።

ጨዋታው ውስጥ ካፖርት የለበሰ፣ ቆብ የደፋ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ። ከጀርባው በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ ሌላ በር፤ እንዲህ እያለ ሰባት በር። ለእያንዳንዱ አንድ ዘዴ መፈለግ ነው። ዘበኛው ድምፅ የለውም፤ የሚናገረው በጽሑፍ ነው፣ በአማርኛ። የሚገርመው ግን ሰውዬው ጨዋታ ውስጥ መሆኑን ያውቃል። አንተንም ያውቅሃል። «አንተ ወንበር ላይ ያለኸው፣ አትጉበጥ፤ ወገብህን ያምሃል» ይልሃል። «የሠራኝ ልጅ ምሳውን አልበላም፤ ለዚህ ነው ይሄ በር የተጣመመው» ይላል። አንዱ በር ላይ የኮምፒውተሩ መስታወት በሙሉ ድርግም ብሎ ይጨልማል። ፀደይ ስትሞክረው «በቃ መብራት ሄደ!» ብላ ሻማ ልታመጣ ሮጠች። ለኩሳ ስትመለስ የቤቱ አምፖል ቦግ ብሎ እንደበራ ነው፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ ደግሞ ትንሽ ጽሑፍ ወጥታለች፤ «ሻማው ለማን ነው? የጠፋው እኔ ጋ ነው።» ፀደይ ሁለት ቀን ሙሉ አልአዛርን አላናገረችውም።

ችግሩ ምንድን ነው፣ ጨዋታውን የጨረሰ ሰው የለም። ጓደኞቹ በሙሉ ሰባተኛው በር ላይ ቀሩ። መምህሩም፣ «ማንም የማይፈታው እንቆቅልሽ ጨዋታ አይባልም፣ ግድግዳ ነው» አለው። «ሰኞ ስታቀርብ ያለ እርዳታ የጨረሰ አንድ ሰው አሳየኝ። ከሌለ አላሳልፍህም፤ ለከርሞ ትደግማለህ።» ኮምፒውተሩ ማን እንደጨረሰ በራሱ ይመዘግባል፤ ማጭበርበር የለም። አልአዛር ከሳ። ቤተሰቡ ለምርቃቱ በግ ገዝቶ እያደለበ ነበር።

በዋዜማው እሁድ ከሰዓት የክፍሉ ሶኬት ስለተቃጠለ፣ ያንን ሆዱ የተነፋ ሞኒተሩን ተሸክሞ ሳሎን ገባ። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ አስቀመጠው። እትዬ ብርሃነሽ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና አዩት።

«ማነው ይሄ ካፖርታም? ምን ይላል?»

«‹ማን ነህ? ከየት መጣህ?› ነው የሚልዎት» አለች ፀደይ አንብባ።

«እኔ? ብርሃነሽ እባላለሁ። ቤቱ የኔ ነው፤ ይልቅ አንተ ከየት መጣህ?» አሉት። ቆም ብለው ደግሞ፣ «ለመሆኑ ‹አንተ› ነው የሚለኝ?»

«እትዬ፣ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም እኮ» አለ አልአዛር።

«ያያል አላልክም እንዴ? ካየ ‹አንቱ› ይበለኛ!»

አልአዛር ቀና ብሎ አያቸው። ሰው ውሃ ሲጠማው ቧንቧ እንደሚያይ ነው ያያቸው። «እትዬ፣ ለምን እርስዎ አይሞክሩትም?»

«ዓይኔ የት አለና? ፊደሉ እንደ ጉንዳን ነው የሚሄድብኝ።»

«እኔ ሠሪው ነኝ፣ ፀደይም ተጫውታዋለች፤ ሁለታችንም መተንፈስ አይፈቀድልንም። ዋሲሁን ያንብብልዎት። ማውሱንም እሱ ይያዝልዎት።»

ዋሲሁን እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ላልፍ ፈልጌ ነበር። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛንም በደንብ ያወቅሁት ሀዋሳ ከገባሁ በኋላ ነው። ማንበብ አልችልም አልልም፤ ግን አንድ መስመር ላይ ስደርስ ሰው ሁለት ገጽ ጨርሷል። ሆቴል ያለው ልብስ ምልክቱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር አልፈራም። ግቢው ውስጥ ግን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀብኝም። ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። አንብብ ከተባልኩ «መነጽሬን ረሳሁት» እላለሁ፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ፀደይ፣ «ይሄ ሰው ሆዱን ያመዋል መሰለኝ፣ ወረቀት ባየ ቁጥር ይሮጣል» ብላ ነበር። እኔም አዎ፣ ያመኛል አልኳት።

ያን ቀንም ሆዴን ይዤ ነበር። ግን አልአዛርን አየሁት። እኔ ከሮጥኩ ለከርሞ ይደግማል። ቁጭ አልኩ፤ አልአዛርም «ማን ነህ?» ለሚለው የሁለታችንን ስም ጻፈልን።

ዘበኛው ጻፈ። እኔ አነበብኩ። አነበብኩ ነው እንግዲህ... «እ... እን... እንኳን... ደህና...» እያልኩ። ማውሱ እጄ ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። ለካ ያ ሰይጣን ልጅ፣ ሰው ሲዘገይ ዘበኛው እንዲያፌዝ አድርጎ ነው የሠራው። የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ሁለተኛ መስመር ከሥሩ ወጣ። እሱን ማንበብ ስጀምር ሦስተኛው ተከተለ። ሁሉንም ጮክ ብዬ ማንበብ አለብኝ፤ ሥራዬ ነዋ።

«አ...ለህ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ እትዬ።

«ተኛህ... እን...ዴ?»

«ምን በወጣኝ!»

«ፊ...ደል... እየ... ቆጠርክ... ነው?»

ፀደይ ሳቀች። ክፉ ሆና አይደለም፤ አመለጣት። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። አልአዛርም አየኝ። አራት ዓመት የደበቅኩት ነገር ሳሎኑ መሃል ተዘረጋ፣ እንደ እርጥብ አንሶላ። ማውሱን አስቀምጬ ልነሣ ስል፣ እትዬ ብርሃነሽ ከእኔ በፊት ተነሡ። ያኔ ግማሽ አልነበረም። ሙሉ ብድግ ነው ያሉት።

«አንተ!» አሉት መስታወቱን፣ ጣታቸውን ቀስረው። «አንተ ካፖርታም! ቤቴ ገብተህ፣ ተከራዬን ነው የምትሰድብ? ልጁ ቀስ ብሎ ያነባል። የቸኮለ ካለ መንገዱ ያውና!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ...» አለ አልአዛር።

«አንተም ዝም በል፣ መተንፈስ አልተፈቀደልህም።» ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ዋሲሁን ልጄ፣ አንተ የፈለግከውን ያህል ቆይ። እሱ የት ይሄዳል? መስታወት ውስጥ ነው።»

ከዚያም ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። እትዬ ብርሃነሽ ዝም አሉ። እኔ ፊደል ስፈልግ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ዜና አንባቢ አግኝቶት የማያውቀውን ዝምታ እኔ አገኘሁት። ዘበኛው ያፌዛል፣ እኔ አነበዋለሁ፣ እሳቸው «ተወው፣ ቀጥል» ይሉኛል። ከሦስተኛው በር በኋላ ላቤ ደረቀ። ካራተኛው በኋላ፣ አታምኑኝም ይሆናል፣ ትንሽ ፈጠንኩ።

መስታወቱ ድርግም ብሎ ሲጨልም ፀደይ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ግን አልተነሡም። «መብራት ሄደበት፣ ምስኪን» አሉ። «አይዞህ፣ ይመጣል። እኛም እንደዚሁ ነን።» ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። አምስት ደቂቃ ያህል ጨለማው ውስጥ አብረነው ተቀመጥን። በሩ በራሱ ተከፈተ። ለካ የሱ ዘዴ ምንም አለመንካት ነው።

ሰባተኛው በር ላይ ደረስን። ዘበኛው ከካፖርቱ ኪስ ቁልፍ አወጣ። ከሥሩ ሁለት ቃል አለ፣ «አዎ» እና «አይ»። ጽሑፉን ለቀምኩት። «ቁልፉን... ልስጥህ?»

አልአዛር ጥፍሩን መብላት ጀመረ።

«ኧረ አይ፣ አይሆንም!» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ለራስህ ያዘው፣ አታስቸግር።»

አይ ስላሉ «አይ» ላይ ተጫንኩ። ዘበኛው ጻፈ። «ግድ የለም... ውሰደው።»

«አይ ብያለሁ! በረኛ ያለ ቁልፍ ምን ሊሆን ነው? ይቅርብኝ።»

«አይ» ላይ ተጫንኩ። ዘበኛው ቆቡን አወለቀ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ቆቡን ሲያወልቅ ያየው ሰው የለም። አንዲት ቃል ጻፈ። አጭር ናት፣ አንድ ጊዜ አይቼ አነበብኳት።

«በሞቴ!»

«እንግዲህ በሞቴ ካልከኝ...» አሉ እትዬ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። «እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አዎ» ላይ ተጫንኩ። በሩ ተከፈተ። አልአዛር ጮኸ፣ ፀደይ ጮኸች፣ ጋሽ ሙህዲን ከሱቃቸው «ጎል ነው?» እያሉ ሮጠው መጡ።

ለካ ጓደኞቹ በሙሉ፣ ገና ቁልፉን ልስጥህ ሲላቸው «አዎ» ላይ ዘለው ይጫኑ ነበር። ዘበኛው ደግሞ «እንዲህ ነው ያሳደጉህ?» ብሎ ወደ አንደኛው በር ይመልሳቸዋል። አንዴ «አይ» ያሉም ነበሩ፤ ሁለተኛው ላይ አላስቻላቸውም።

«ከየት አመጣኸው ግን?» ብላ ጠየቀችው ፀደይ።

አልአዛር ወደ እትዬ አየ። «ሀዋሳ የገባሁ ቀን እትዬ ምሳ ብላ አሉኝ። አፍሬ አይ አልኩ። ደገሙልኝ፤ አሁንም አይ አልኩ። ሆዴ ግን ይጮኻል። በሞቴ ባይሉኝ ኖሮ ጦሜን አድር ነበር።»

«ታዲያ ይሄ እንቆቅልሽ ነው?» አሉ እትዬ። «ይሄ እኮ ወግ ነው።»

አልአዛር አለፈ። ከመዝገቡ ላይ «ብርሃነሽ እና ዋሲሁን» የሚል ወጣ፤ መምህሩ የየትኛው ክፍል ተማሪዎች ናቸው ብሎ ጠየቀው አሉ።

በሳምንቱ እሁድ ሞኒተሩን እንደገና ተሸክሞ ገባ። «ዋሲሁን፣ ና እስቲ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ዘበኛው ጻፈ፣ እኔም እንደ ልማዴ ቀስ አልኩ። ዘገየሁ። ያቺ የምፈራት ሁለተኛዋ መስመር ከሥር ብቅ አለች። ጮክ ብዬ አነበብኳት።

«ቀስ... በል። የት... እሄዳለሁ? መስታወት... ውስጥ ነኝ።»

እትዬ ብርሃነሽ ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ። ዞር ብለው ፀደይን አዩዋት፣ ዕድሜ ልክ የጠበቁትን አስተያየት።

«ይሰማል አላልኩሽም?»

ፀደይ ሞኒተሩን ከኋላው ዞራ አየችው።

ከዚያ ወዲህ ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣ የማነበው እኔ ሆንኩ። እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ይጠብቁኛል፤ ቢሞቱ አያቋርጡኝም። ሆዴንም አላመመኝም። ይህችንም ጽሑፍ የጻፍኳት እንደዚያው ነው፤ ብዙ ቀን ወስዳብኛለች፣ ማንም አላስቸኮለኝም።

አሁን ከግቢው ወጥቼ ሌላ ቦታ ተከራይቻለሁ፣ የራሴ ትንሽ ቴሌቪዥንም አለችኝ። እሁድ እሁድ እትዬ ጋ ብሄድም ሌላውን ቀን ብቻዬን ነው የማያት። አመሻሽ ላይ አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል መጀመሪያ በሩ መዘጋቱን አያለሁ። መጋረጃውንም አያለሁ። ማንም እንደሌለ ካረጋገጥኩ በኋላ «አብሮ ይስጥልን» እለዋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ብድግም እላለሁ። ግማሽ።